«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» – የመርካቶ ፖለቲካ

ፖለቲካ የሚገኘው የት ነው? ገሚሱ ሰው ፓርላማ ይላል፤ ገሚሱ ቴሌቪዥን ላይ ይላል። ማኪያቶውን እያማሰለ «ፌስቡክ ላይ ነዋ!» የሚልም አይጠፋም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መርካቶ ነው። አትሳቁ! ፖሊሲ በጋዜጣ ሲወጣ ወረቀት ነው፤ መርካቶ ሲደርስ በኪሎ ይመዘናል፣ በሜትር ይለካል፣ በደርዘን ይታሰራል። ባለሥልጣኑ መግለጫውን ሰጥቶ ሳይጨርስ ነጋዴው ካልኩሌተሩን አውጥቷል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከትምህርት ቤት የተሰናበትኩ ሰው ነኝ፤ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ የለኝም። ቢሆንም መርካቶን ማንበብ የቻለ ሰው ዲግሪ ካለው ብዙም አያንስም ባይ ነኝ።

እናም ወጣት አንባቢዎቼ፣ ዛሬ አብረን መርካቶ እንውረድ። «እኔ የምገዛው ከሞል ነው» የምትሉ አራዶችም ኑ። የሞሉ ዕቃ አብዛኛው መርካቶ አድሮ የመጣ ነው፤ እናንተ ተጨማሪ የከፈላችሁት የመስታወቱንና የመብራቱን ነው።

ስሙ ራሱ ፖለቲካ ነው

መርካቶ ጣሊያንኛ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ሰውን በቀለም ከፈለ። አራዳ ለነጮች ተባለ፤ ሐበሻው ወደ ምዕራብ ፈቀቅ እንዲል ታዘዘ። አዲሱንም ቦታ በቋንቋቸው «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» ብለው ሰየሙት። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተባሮ ሲወጣ «የአገሬው ተወላጅ» የሚለው ስድብ አብሮት ሄደ፤ «መርካቶ» ብቻውን ቀረ። እንግዲህ አስቡት፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ የሚመግበው ገበያ መጀመሪያ እዚህ የተተከለው ነጋዴ መርጦት ሳይሆን ወራሪ መንግሥት አንሥቶ ስላስቀመጠው ነው።

ቀጥሎ ደርግ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ብዙ ባለሱቅ ባደረበት ተከራይ ሆነ። ከኢሕአዴግ ወዲህ ደግሞ ነጋዴው «በአክሲዮን ተደራጅና ፎቅ ሥራ» ተባለ። ዛሬ ከሰባተኛ በኩል ብትገቡ በአንድ ወገን ዝገት የበላው የቆርቆሮ ሱቅ፣ በሌላው ወገን ባለመስታወት ሕንፃ፣ በመሐል ደግሞ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥ ወጣት የምታዩት ለዚህ ነው። መንግሥት በመጣ ቁጥር መርካቶ ላይ እጁን ሳያሳርፍ አያልፍም።

ብሩ የተለቀቀ ሰሞን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። የዶላሩን ዋጋ ገበያው ራሱ ይወስን ተባለ። 57 ብር ከምናምን ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ 100 ብርን ተሻገረ። እስቲ በደሞዝ እንየው። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ወጣት እሑድ ማታ ሲተኛ ደሞዙ 174 ዶላር ያህል ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያው ደሞዝ ከ100 ዶላር በታች ሆነ። ልጁ ከሥራ አልቀረ፣ አላረፈደ፣ አለቃው አልቀጣው! ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው ደሞዙ የሟሸሸበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ወላጆቻችን በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተነሥቶ 5 ብር ሲገባ አይተዋል። እኛም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሩ በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ሲወርድ አይተናል።

የኔ አስተያየት? ብሩ መለቀቁን ብቻውን ይዤ አልጮህም። ከዚያ በፊትም መርካቶ ውስጥ ብዙው ነጋዴ ዕቃውን የሚተምነው በባንክ ዶላር ሳይሆን በጥቁር ገበያው ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ዶላር እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ውስኪውና ሽቶው ከመደርደሪያ ሲጠፋ አላየሁም፤ ያየሁት ዋጋው ሲጨምር ነው። ክልከላው የጠቀመው በጓሮ የሚያስገባውን ነው። ስለዚህ ውሸት የነበረው ዋጋ እውነት ይሁን ቢባል ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው። ዶላሩን ገበያው ያውጣው ሲባል የሠራተኛውን ጉልበትስ ማን ያውጣው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ብሩ ሲለቀቅ አዋጁ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ቦርዱ ግን ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ዶላር ተሯሩጦ ቀደመ፣ ደሞዝ ጫማውን እያሰረ ቀረ። እርግጥ በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ግብር የማይነካው የወር ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። መልካም ነው። ግን በ2,000 ብር ከመርካቶ ምን ይዛችሁ እንደምትመለሱ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በዚያ ሰሞን ብዙ ሱቅ «ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረሃል» ተብሎ ታሽጓል። እኛም «ድሮ የገባውን ዕቃ ነው የጨመሩበት!» እያልን ተበሳጭተናል። አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ ሽማግሌ ይሄንኑ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ልጄ፣ ይህን ብርድ ልብስ በድሮው ዋጋ ብሸጥልህ ነገ በዚያ ብር ሌላ ብርድ ልብስ ልተካበት ነው? ግማሹን ነው የምገዛው። ከነገ ወዲያ ደግሞ የግማሹን ግማሽ። ያኔ ሱቁን ዘግቼ ካንተ ጋር ቡና እጠጣለሁ።» ነጋዴ የሚሸጠው ያለፈውን ዋጋ ሳይሆን የሚመጣውን ነው ማለት ነው። በዚህ ተከልሎ ያለ ልክ የሚያግበሰብስ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ሁሉን በአንድ ጅራፍ መግረፍ ግን ዕቃ ያስደብቃል እንጂ ዋጋ አያወርድም።

ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምጣድ

አሁን ወደ ግዢው እንግባ። የሰፈሬ ልጅ ነች፤ ስሟ ይቅር። ሥራ ከያዘች ዓመት ያልሞላት፣ በቅርቡ ከቤተሰብ ወጥታ አንዲት ክፍል የተከራየች። በደብተር ወረቀት ላይ ዝርዝሯን ጽፋ «አብረኸኝ ውረድ፣ እኔን ብቻዬን ካዩ ዋጋ ይጭኑብኛል» አለችኝ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሁለት ድስት፣ ባልዲ፣ መጋረጃ። በዚህች ወረቀት ላይ ያለው የስድስት ወር ቁጠባዋ ነው።

ታክሲ ውስጥ ስንሄድ ፖለቲካው ጦፈ። ልጅቱ በተለይ! «ግብር እየሰበሰቡ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን! ጤና ጣቢያ ስትሄድ መድኃኒቱን ከውጭ ግዢ! ብሩ የት ነው የሚገባው?» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበላት ማለት ይቻላል። ረዳቱ ራሱ ሒሳብ መቀበል ረስቶ ነበር።

ፍራሽ ሱቅ ደረስን። መረጠች፣ ተጫነች፣ በክርኗ ወጋች፣ ተከራከረች፣ አስር ሺህ ብር ላይ ተስማሙ። ቦርሳዋን ስትከፍት ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህት፣ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አላት። በደረሰኝ ከሆነ 11,500። በቴሌብር ወይም በባንክ ካስገባችም «ዋጋው ሌላ ነው።» ልጅቱ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ ብሩን ቆጥራ «ያለ ደረሰኝ» አለች።

አልፈረድኩባትም። 1,500 ብር ለሷ የአንድ ወር ትራንስፖርት ነው። ግን ጥያቄዋን መልሳ የመለሰችው እዚያው ፍራሽ ሱቅ ውስጥ ራሷ ናት። «ብሩ የት ነው የሚገባው?» አላለችም? ከገባ አይደል የሚጠየቀው! ያ 1,500 ብር መንግሥት ካዝና ቢገባ ውሃ ይሆናል ብዬ አልምልላችሁም። እዚያ ያልገባ ብር ግን በእርግጠኝነት ውሃ አይሆንም፤ የት ገባ ብሎ ለመጠየቅም አፍ ያሳጣል።

ሁለቱ ዋጋ ከየት መጣ?

ነገሩን ትንሽ እናፍታታው። ቫት የምንለው ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን ተክቶ ሥራ ላይ ዋለ፤ 15 በመቶ ነው። ከፋዩ ገዢው ነው። ነጋዴው ተቀብሎ የሚያስገባ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ» የሚለው ሰው ከኪሱ አይደለም የቀነሰው። ያንቺ ያልሆነውን፣ የሱም ያልሆነውን ነው የሚቸርሽ። ጨዋታ አዋቂው ደግሞ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍ ያደርግና «ቀነስኩልሽ» ብሎ ቫቱን ራሱ ያስቀረዋል። አመስግነሽው ትወጫለሽ!

ግን ቸርቻሪውን ብቻ ሌባ ማለት ፍርድ ማጉደል ነው። ብዙዎቹን ጠይቄአለሁ፣ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ ራሴ ዕቃውን ያመጣሁት ያለ ደረሰኝ ነው።» አስመጪው ለጅምላ ነጋዴው ያለ ደረሰኝ ይለቃል፤ የጅምላ ነጋዴው ለቸርቻሪው እንዲሁ። ቸርቻሪው አሁን ለናንተ ደረሰኝ ቢቆርጥ ምን ይሆናል? ሽያጩ በመዝገብ ይታያል፣ የገዛበት ግን አይታይም። በ9,000 ያመጣውን በ10,000 ቢሸጥ ያተረፈው 1,000 ነው፤ ወረቀት ስለሌለው ግን አሥሩም ሺህ እንደ ትርፍ ሊቆጠርበት ነው። በግዢው ላይ የከፈለውን ቫትም አያቀናንስም። እንግዲህ ሰንሰለቱ ከላይ ተበጥሶ ቁጥጥሩ ከታች ሲጀምር የሚጮኸው የታችኛው ነው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የሆነው ይሄው ነው። የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ከጎኑ ደግሞ «ዕቃ ሊወረስ ነው» የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ መርካቶ ሱቆቹን ዘጋ። መርካቶ ዘግቶ ማየት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ልቡ የቆመ ሰው ነው። መንግሥት ደረሰኝ መጠየቁ ልክ ነው እላለሁ። መጀመር የነበረበት ግን ኮንቴነሩ ከሚራገፍበት ነው። የጆንያ ነጋዴውን ከማሯሯጥ አስመጪውን አምስት ቀን ተቀምጦ መቁጠር ይበልጣል። አስመጪው ከቆረጠ ሁሉም ይቆርጣል።

ለነጋዴውም የምለው አለኝ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲነድ አይታችኋል። የሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ወረቀት የሌለው ዕቃ ሲቃጠል «ይህን ያህል ነበረኝ» ማለት በምን ይቻላል? ለኢንሹራንስም ለዳኛም የሚታየው ሰነድ ነው። ደረሰኝ ግብር ማስከፈያ ብቻ አይደለም፤ «ነበረኝ» ማለቻም ነው።

የምጣዱ ነገር

የፍራሹ ነገር አልፎ ወደ ምጣዱ ስንሄድ «ይሄን እንኳ በደረሰኝ ግዢው» ብዬ ተከራከርኳት። አጉረመረመች፤ ገዛችው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ምጣዱ በአንድ በኩል ብቻ መጋል ጀመረ። ይዛው ስትሄድ ባለሱቁ መጀመሪያ «ኤሌክትሪኩ ነው ያበላሸው» አለ፣ ቀጥሎ «ከኔ ነው የገዛሽው?» አለ። ወረቀቷን አወጣች። እያጉተመተመ ለወጠላት። ሌላ የማውቀው ልጅ ደግሞ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ያለ ደረሰኝ የገዛው ስልክ በወሩ ሲሞት ሻጩ «አላውቅህም» ብሎት ተመልሷል። ያ ልጅ የቆጠበው 15 በመቶ ነበር፤ የከሰረው ግን መቶ በመቶ!

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እኮ አለ። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ አለበት፣ ደረሰኝ መስጠት አለበት፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገዢው ሊያስለውጥ ወይም ብሩን ሊያስመልስ ይችላል ይላል። ሕጉ የሚሠራው ግን እጃችሁ ላይ ወረቀት ሲኖር ነው። ያለ ወረቀት ሕጉም «አላውቅህም» ይላል።

ሸራ ተራ ጎራ በሉ

መርካቶ የውጭ ዕቃ ማራገፊያ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ሸራ ተራ ግቡ። ቆዳው ይሸታል፣ ማስቲሹ ይሸታል፣ መዶሻው ይወቅራል። ጫማ ሠሪዎች ናቸው። በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ እንደ ጎርፍ ሲገባ ብዙዎቹ ከሥራ ውጪ ሆኑ። እኛም «የአገር ውስጥ ጫማ ፋራ ነው» አልን። የቀሩት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሶሉን አጠነከሩ፣ ሞዴሉን አሳመሩ፣ ቆዳውን መረጡ፤ ገበያውንም መልሰው ያዙ። መንግሥትን ደጅ ጠንተው ሳይሆን ሠርተው ነው ያሸነፉት።

የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ግን አለ። አንዳንዱ እዚያው የተሠራ ጫማ ውስጡ «ሜድ ኢን ኢታሊ» ተብሎ ማኅተም ይመታበታል። ለምን ስል «ካልሆነ ልጆቹ አይገዙማ!» አሉኝ። ልጆቹ እኛ ነን እንግዲህ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ መርካቶ ውስጥ በማኅተም መልሰን አስገባነው ማለት ነው! ሶሉና ማስቲሹ በዶላር ስለሚገባ የአገር ውስጥ ጫማም ዋጋው ጨምሯል፤ አልክድም። ቢያንስ ግን የሠሪው ጉልበት እዚሁ ይቀራል። «ዶላር የለም» እያልን ታክሲ ውስጥ እየጮኽን እግራችን ሥር ያለውን ማናናቅ አይሄድም።

እስቲ እነዚህን ያዙ

አንደኛ፣ ቀድማችሁ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ የሰላምታ ዋጋ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያስገባችሁ ደላላ ድርሻው ከናንተው ኪስ እንደሚወጣ አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ሊበላሽ የሚችል ነገር፣ ማለት ስልክ፣ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ካውያ፣ በምንም ሒሳብ ያለ ደረሰኝ አትግዙ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነትና ዋጋው በትክክል መጻፉን እዩ። 10,000 ከፍላችሁ የ1,000 ደረሰኝ ከተሰጣችሁ ቆም በሉ።

ሦስተኛ፣ «ነገ ይጠፋል፣ ነገ ይጨምራል» የሚል ወሬ ስትሰሙ አትሩጡ። አምስት ሊትር ዘይት የሚበቃው ቤት አምስት ጄሪካን ሲያጋብስ ዋጋውን የሚሰቅለው ወሬው ሳይሆን ሩጫው ነው። ደሞዝተኛው ገብቶ ባዶ መደርደሪያ የሚያየው እኛ ስለቀደምነው ነው።

አራተኛ፣ ለጤፍና ለአትክልት መርካቶ ድረስ ከመድከም የእሁድ ገበያንና የሸማቾች ማኅበር ሱቅን እዩ። ሰልፍ አለው፤ ግን ደላላው አጭር ነው።

አምስተኛ፣ ምን አለሽ ተራን አትናቁ። ከአሮጌ በርሜል የተሠራ ምድጃ፣ ከአሮጌ ብረት የተሠራ የአልጋ እግር፣ ለአንዲት ክፍል ቤት ጀማሪ የሚበቃ ነገር ሁሉ አለ። አዲስ ካልሆነ አይሆንም ማለት ኪስ ላላት ልጅ ነው።

«ታዲያ እኔ አንድ ደረሰኝ ብጠይቅ አገር ይለወጣል ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። አይለወጥም። በአንድ ደረሰኝ የተለወጠ አገር የለም። ፖለቲከኛ ግን እኛን የሚሰማን ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ነጋዴ በየቀኑ ይሰማናል። አንድ መቶ ሰው በአንድ ቀን «በደረሰኝ» ካለው ባለሱቁ ማታ ወደ አስመጪው ዘንድ ሄዶ «አንተም ቁረጥልኝ» ማለቱ አይቀርም። ከላይ ያልጀመረውን ነገር ከታች መግፋት ማለት ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ «ብሩ የት ነው የሚገባው?» ብላችሁ ጩኹ። ወረቀታችሁን ይዛችኋልና ማንም ዝም በሉ ሊላችሁ አይችልም።

የሰፈሬ ልጅ አሁን መጋረጃውና ባልዲው ቀርተዋት ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። ደሞዝ ሲገባ እንደገና እንወርዳለን። እናንተም ብትወርዱ ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ቦርሳችሁን ከፊታችሁ ያዙ፣ ከጆንያ ተሸካሚ ጋር መንገድ አትጋፉ። ቸር ገበያ ይግጠማችሁ!